ተርቧና በሬው

ሰው በድንበር ይጣላል፣ በውርስ ይጣላል፣ በሚስት ይጣላል። አባቴና አጎቴ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጣሉት በሞተር ሳይክል ነው። ያውም ለመካፈል አይደለም፤ ሁለቱም የየራሳቸው አላቸው።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ሁለቱ ወንድማማቾች ወጣት ሳሉ፣ በአንድ ዓመት፣ ከአንድ መደብር፣ ለአስፋልት ሳይሆን ለድንጋይና ለጭቃ የተሠሩ ሁለት ሞተር ሳይክሎች ገዙ። ታላቁ፣ ማለትም አባቴ፣ ቢጫዋን መረጠ። ቀጭን፣ ቀላል፣ ባለ ሁለት ምት ናት። የራሷ የዘይት ቋት ስለሌላት፣ ቤንዚኗ ውስጥ ዘይት ተቀላቅሎ ካልተሰጣት ሞተሯ ውስጡ ይደርቃል። ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ የማይለያትም ለዚህ ነው። ታናሹ አጎቴ ደግሞ ቀዩን መረጠ። ከባድ፣ ደረተ ሰፊ፣ ባለ አራት ምት ነው። ዘይቱ ከሥሩ ለብቻው ስለሚቀመጥ ንጹሕ ቤንዚን ብቻ ይጠጣል፤ አያጨስም። አባቴ የራሱን "ተርቧ" ብሎ ሰየማት፣ ድምፅዋ እንደዚያ ነውና። አጎቴም እንዳይበለጥ የራሱን "በሬው" አለው።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አባቴ ከቶርኖ ቤት፣ አጎቴ ከኤሌክትሪክ ሥራው ሲመለሱ፣ በሁለቱ ቤቶቻችን መካከል ባለው ወርክሾፕ ይገናኙና ይጀምራሉ።

"ያንተዋ እኮ ሞተር አይደለችም፣ ምድጃ ናት" ይላል አጎቴ። "ዘይት የምታጠጣት ልትነዳት ነው ወይስ ልትጠብሳት?"

"ያንተ በሬ ሄዶ ይረስ። እኔ እዚያ ላይ የምቀመጠው ስሞት ነው" ይላል አባቴ።

እኔ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ "ቀስ! ቀስ! ፍሬን!" እያልኩ እውላለሁ፤ በእረፍት ቀኔ ግን ቀስ የሚባል ቃል አይጥመኝም። ሁለቱንም ሞተሮች ነድቻቸዋለሁ፤ ፍርድ የሚሰጥ ሰው ከተፈለገ እኔ ነኝ። በሬው ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ እያለ በዝግታ ይነሣል፣ በዚያው ዝግታው ግድግዳ የሚያህል ዳገት ይወጣል። ማርሽ ብትሳሳቱበት ይታገሣችኋል፣ ጋዝ ብታበዙበት ይታዘባችኋል እንጂ አይጥላችሁም። ተርቧን ግን ትዕግሥት አልፈጠረባትም። ቀስ ካላችሁባት ታስላለች፣ ታነጥሳለች፣ ታኮርፋለች። ጋዙ ከፍ ብሎ አንድ ቦታ ሲደርስ ደግሞ ድንገት ትነሣና ነፍሳችሁን ከኋላ ጥላ እናንተን ይዛ ትበራለች። በሬው ይሻላል የሚለው አእምሮዬ ነው። እኔ የምወደው ግን ተርቧን ነው። እናቴ "ጠባያችሁ አንድ ስለሆነ ነው" ትላለች፤ ልትሰድበኝ ፈልጋ ነው፣ እኔ ግን ደስ ይለኛል።

ጉዱ የፈላው መንገዱ ሊሰፋ ነው የተባለ ጊዜ ነው። የወርክሾፑ ግማሽ ተቆርጦ ወደ መንገዱ ገባ። በቀረው ላይ የቶርኖው ማሽን፣ የሥራ ጠረጴዛውና የአጎቴ የሽቦ መደርደሪያ ሲቀመጡ፣ የተረፈው ቦታ አንድ ሞተር ብቻ የሚያስገባ ሆነ። ደጅ እንዳይቆም ዝናብ አለ፣ ሌባም አለ። በዚያው ሰሞን የቴክኒክ ትምህርት ቤቱ አስተማሪ መጣችና "የድሮ ሞተር የሚሰጠን ሰው ብናገኝ ተማሪዎቻችን እስከ መጨረሻዋ ብሎን እየፈቱ ይማሩበት ነበር" አለች። አባቴ "እየፈቱ" የሚለውን ሲሰማ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ያንተዋ ትሂድ፣ ያንተ ይሂድ ሲባባሉ ሰንብተው ጭራሽ ተኮራረፉ። በአንድ ገበታ ተቀምጠው "ጨው አቀብለኝ በይልኝ" እያሉ በእናቴ በኩል ያወሩ ጀመር። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ትዕግሥቷ ረዥም ነው፣ ግን ጫፍ አለው። አንድ ቀን ማንኪያዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

"በቃ! ቅዳሜ አሮጌው የድንጋይ ካባ ሄደው ይሞከሩ። ልጆቹ ይንዱ። ያሸነፈው ወንድም የትኛው እንደሚቀር ይወስን፣ የተሸነፈው አፉን ይዝጋ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ጨው የፈለገ ተነሥቶ ይውሰድ።"

ልጆቹ የተባልነው እኔና የአጎቴ ልጅ ነን። የአባቴ ወገብና የአጎቴ ጉልበት ሞተር ረግጦ ማስነሣት ከተዉ ቆይተዋል። የአጎቴ ልጅ ፋርማሲስት ነው። ቤት ቢቃጠል መጀመሪያ የጫማውን ክር የሚያስር ዓይነት ሰው ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ "በረዶ" ይለዋል። በሬውን እሱ ይንዳ፣ ተርቧን እኔ ልንዳ ተባለ፤ ደግሞስ ማን ሊቀማኝ!

ያን ሳምንት አባቴ ተርቧን ፈትቶ ገጠማት። አርብ ማታ መሪዋን በጨርቅ እየወለወለ ጠራኝ።

"ልጄ፣ ስሚኝ። እዚህ ውስጥ ያለችው ፒስተን የመጨረሻዋ ናት። ያልጠየቅሁበት አገር የለም፣ ሌላ አላገኘሁም። እሷ ከሄደች ተርቧም አብራ ሄደች ማለት ነው። አደራ።"

"እሺ አባዬ።"

"ግን ደግሞ እንዳትሸነፊ።"

ቅዳሜ ፀሐዩ ደስ የሚል ነበር። ካባው ውስጥ ድንጋይ መፈለጥ ከቀረ ወዲህ ሰው አይደርስበትም። ከታች ሜዳ አለ፣ ቀጥሎ ጎርፍ የቦረቦረው ጠባብ መተላለፊያ፣ ቀጥሎ አሸዋ፣ መጨረሻ ላይ አንገት ቀና የሚያስደርግ ዳገት። አስተማሪዋ ፒክአፕ መኪናዋን ታች አቁማ ዳገቱ ጫፍ ላይ ወጣች፤ እዚያ ቀድሞ የደረሰ አሸነፈ። ባዶው ፒክአፕ የተሸነፈውን እየጠበቀ ነው። እኔ ወደዚያ ላለማየት ፊቴን አዞርኩ።

ልንነሣ ስንል አጎቴ ለእናቴ ነገራት። "የቤንዚን ሰልባቲዮው ውስጥ ምን እንደጨመረበት በምን አውቃለሁ? በይልኝ።"

"እኔስ እሱ ምን እንደጨመረበት በምን አውቃለሁ? በይልኝ" አለ አባቴ።

ተከራክረው ተከራክረው አንድ ብልሃት አመጡ። በሁለቱም ውስጥ ያለው ቤንዚን ይደፋል። እዚያው ይዘነው ከመጣነው አዲስ ቤንዚን አንድ አንድ ጄሪካን ይወስዱና አባቴ የበሬውን ይሞላል፣ አጎቴ የተርቧን ይሞላል። በዚህ ማንም ማንንም አያታልልም። ጄሪካናቸውን ይዘው፣ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው፣ እየተነጫነጩ ሞሉ። ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሠሩት ሥራ ነው። እናቴ ጃንጥላዋ ሥር ሆና "እናንተ ዳኛ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልጋችሁ" አለች።

አስተማሪዋ ከላይ ሻሿን አወዛወዘች፣ ተነሣን።

ወይ ደስ ሲል! ተርቧ እንደ ልማዷ መጀመሪያ አኮረፈች፣ ወዲያው ጋዙ ሲገባት ፊቷን ወደ ሰማይ አነሣች። የፊት ጎማዋን በደረቴ ተጭኜ መለስኩት። በረዶ ከጎኔ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ቤተ መጻሕፍት የሚሄድ ይመስላል። ሜዳውን ቀድሜው ጨረስኩ። ጠባቡ መተላለፊያ ላይ ግን ነገር ተገለበጠ። ድንጋዩ ትልልቅ ነው፣ ቀስ ማለት ያስፈልጋል፤ ቀስ ማለት ደግሞ እኔም ተርቧም አንወድም። ሞተሯ ጠፋብኝ። ረግጬ አስነሣኋት፣ ደግሞ ጠፋች። በሬው ዱብ፣ ዱብ እያለ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ረግጦ አለፈኝ። ከታች አጎቴ "በሬው! አላልኩም? በሬው!" እያለ ሲጮህ ይሰማኛል። ደሜ ፈላ።

አስነሥቼ ተከተልኩት። ከኋላው ስደርስ ያደግሁበት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ የተቃጠለ ዘይትና ቤንዚን፣ የአባቴ ጃኬት ሽታ። ምንም አልመሰለኝም። ተርቧ ላይ ተቀምጬ ሌላ ምን ሊሸተኝ ነው? ቀና ስል ግን የበሬው ማርሚታ ሰማያዊ ጭስ ሲለቅ አየሁ። በሬው! የማያጨሰው በሬ! ሳቄ መጣ። "አረጀ! ዘይት መብላት ጀመረ! አለቀለት!" ብዬ ብቻዬን ጮህኩ።

አሸዋው ላይ ክብደቱ በሬውን ይዞት ሰመጠ። ተርቧ አሸዋ ላይ ሲያዩአት ነው የምታምረው። ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፣ እሷም እንደዚያን ቀን ፈጥና አታውቅም። በረዶን ሳልፈው ምላሴን አወጣሁበት፤ ተማሪዎቼ እንኳን አላዩኝ። ዳገቱን እንደያዝን አባቴ ከታች ወገቡን ረስቶ ሲዘል አየሁት። "ጋዝ! ልጄ፣ ጋዝ!" ይላል። በረዶ ምን ያህል እንደራቀ ለማየት ዞር አልኩ።

ከኋላዬ ያለው አየር ጥርት ያለ ነበር።

በረዶን አየሁት፣ አሸዋውን አየሁት፣ እናቴን ከነጃንጥላዋ አየኋት። ተርቧ ላይ ሆኜ ወደ ኋላ ሳይ ሁልጊዜ በመካከል ጭሷ አለ። ዛሬ ጭስ የለም። ጭሱ ያለው በሬው ላይ ነው።

ዘይቱ በሬው ውስጥ ገብቷል፣ ተርቧ ደግሞ ባዶ ቤንዚን እየጠጣች ነው። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ግን እንደዚያ ነው። ድምፅዋንም ያን ጊዜ ነው ያዳመጥኩት፤ ቀጭን፣ ደረቅ፣ ከውስጥ የሚቧጥጥ ነገር አለው። እስከ አሁን ያቆያት ከበፊቱ በሞተሯ ግድግዳ ላይ የቀረው ዘይት ነው፤ እሱም እያለቀ ነው። ሲያልቅ ፒስተኗ ከሲሊንደሩ ጋር ትጣበቃለች፣ የኋላ ጎማው ባለበት ድርቅ ይላል፣ እኔም በዚህ ዳገት ላይ ተገልብጬ እወርዳለሁ።

ጫፉ ግን እዚያ ነው! የአስተማሪዋ ጫማ ሳይቀር ይታየኛል። ካቆምኩ ተሸነፍኩ፤ ከተሸነፍኩ አጎቴ በሬውን ያስቀራል፣ ተርቧ ፒክአፑ ላይ ትጫናለች፣ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ትፈታለች። ካላቆምኩ ደግሞ ምናልባት አሸንፋለሁ፣ ግን የማሸንፍላት ተርቧ አትኖርም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። "እናንተ ሽማግሌዎች!" ብዬ ጮህኩና ፍሪሲዮኑን ይዤ ሞተሩን አጠፋሁት። ከመሞት መሰንበት ይሻላል፣ ለሞተርም ቢሆን።

ወደ ኋላ ስንሸራተት በሁለት እግሬ ደግፌ አቆምኳት። በረዶ ዱብ፣ ዱብ እያለ በጎኔ አልፎ ጫፍ ደረሰ። ከታች አጎቴ ጃኬቱን ወደ ሰማይ ሲወረውር አየሁ። እኔ መሪዋን እንደያዝኩ አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

አባቴ እያለከለከ ዳገቱን ወጣ። "ምነው? ምነው አጠፋሻት? ደርሰሽ ነበር እኮ!"

"ዘይት የላትም አባዬ።"

"ምን?"

"ዘይት የላትም! አሽትታት!"

የሰልባቲዮውን ክዳን ከፈተ። ጣቱን ነከረ፣ አሸተተ፣ በሁለት ጣቶቹ መካከል አሻሸው። ፊቱ ላይ ደም አልቀረም። አጎቴ ከኋላው እያነከሰ፣ እስከ ጆሮው እየሳቀ ይመጣል።

"ባዶ ቤንዚን ሞላህባት?" አለው አባቴ። ከተኮራረፉ ወዲህ ፊት ለፊት ሲያናግረው የመጀመሪያው ነው።

"አዎና፣ ንጹሕ ቤንዚን! ምን መስዬህ ነው፣ ምን እጨምርብሃለሁ?" አለ አጎቴ በኩራት። ከዚያ ዓይኑ ተርቧ ላይ አረፈ። "ውይ... ውይ ጋሼ..."

በረዶ በሬውን እየነዳ ከላይ ወረደ፣ ከነሰማያዊ ጭሱ። አባቴ ጭሱን አይቶ እጁን ወደ ጃኬቱ ኪስ ላከ። ከኪሱ የማትለየውን የዘይት ጠርሙስ አወጣና ወደ ፀሐይ አነሣት። ጎድላለች።

"እኔም በሬው ላይ ቀላቅዬበታለሁ" አለ። "እጄ ነው እኮ... ቤንዚን ካየ..."

እናቴ ደርሳ ነበር። "የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ" አለች። "አንዱ ዕድሜውን ሙሉ ሲቀላቅል፣ አንዱ ዕድሜውን ሙሉ በመቀላቀሉ ሲስቅበት፣ ዛሬ እጅ ለእጅ ተቀያየራችሁ!"

ልንስቅ ነበር፤ አጎቴ ግን ድንጋይ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። "ልጅህን ልገድላት ነበር ጋሼ። ዘይት እንደምትጠጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አለ? ስንት ዘመን የሰደብኳት በምን ሆነና!" እጆቹን የሌላ ሰው እጆች ይመስል ገልብጦ ያያቸው ነበር።

አባቴ ተንበርክኮ የተርቧን ካንዴላ ፈታ፣ ከጠርሙሷ ትንሽ ዘይት በቀዳዳው ጠብ አደረገ፣ የመርገጫውን ብረት በእጁ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ታች ገፋ። ብረቱ ያዝ አደረገ፣ ትንሽ አንገራገረ፣ ከዚያ ወረደ። ደግሞ ገፋ፤ ለስልሶ ወረደ።

"አለች!" አለ አባቴ። "አለች!"

ያኔ አንድ ሰው ካባውን በሚያናጋ ድምፅ "አለች!" ብሎ ጮኸ። ዞር ስንል በረዶ ነው፤ የራስ ቁሩን ወርውሮ እጆቹን ዘርግቷል። እናቴ ከዚህ ሁሉ ያስደነገጣት እሱ ነበር።

አስተማሪዋ ከዳገቱ ወርዳ ፈራ ተባ እያለች ቀረበች። "ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ታዲያ የትኛውን ልውሰድ?"

"ውድድሩ ይደገም" አለ አባቴ።

"አይደገምም" አለ አጎቴ ከድንጋዩ ተነሥቶ። "ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። ያሸነፈ ይወስን ተብሏል። ተርቧ ትቅር።"

"ምን ትላለህ አንተ? የተሸነፍኩት እኔ፣ የኔዋ ትሂድ!"

"አትሄድም!"

"ትሄዳለች!"

ይኸው ደግሞ ጀመሩ፤ ያውም ከበፊቱ በባሰ ጩኸት፣ ያውም ተገላብጦ። በመጨረሻ አጎቴ ወደ እኔ ጠቆመ።

"ይቺ ልጅ ጫፍ ላይ ደርሳ ያጠፋቻት እንድትኖር ብላ ነው። እኔ አሁን ወስጄ ላስፈታት? በሬው ይሂድ። እሱ ጀማሪ ይችላል፣ ቢሳሳቱበትም ይታገሣል። ያንተዋን ግን ከናንተ ሌላ ማን ይችላታል?"

አባቴ በእጅጌው የበሬውን መሪ ይወለውል ጀመር። እኔ ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ በሬው አሳዘነኝ። ቀይ ሰልባቲዮው ላይ እጄን ጣል አደረግሁ። ገና ሙቅ ነበር።

"ቢያንስ እንዲህ እያጨሰ አይሄድም" አለ አባቴ። ከበሬው ዘይት የገባበትን ቤንዚን አስደፋ። ሌላ ያልተነካ ጄሪካን አነሣ። ቀኝ እጁ በራሱ ፈቃድ ወደ ኪሱ ሄደና ጠርሙሷን ይዞ ወጣ፤ አየናት፣ እሱም አያት። ለወንድሙ አቀበለው።

"ያዝልኝ" አለው።

አጎቴ ጠርሙሷን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። አባቴ ንጹሕ ቤንዚን፣ ምንም ያልነካውን፣ አንዲት ጠብታ ሳያፈስ በሬው ውስጥ ቀዳ።

አስተማሪዋ የፒክአፑን መዝጊያ ስትከፍት አጎቴ ከለከላት። "በመኪና አይጫንም። እኔው አደርሰዋለሁ፤ እርስዎ ይከተሉን።" ጉልበቱ ስለማይረግጥለት እኔ ረገጥኩለት። በሬው ገና በመጀመሪያው ተነሣ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ያለ ጭስ። አጎቴ ወጥቶ መሪውን እንደያዘ አንገቱን ሳያዞር ከኋላው ያለውን መቀመጫ በእጁ መታ መታ አደረገ።

አባቴ እናቴን አያት። "ምን ታየኛለህ?" አለችው። "በራስህ አፍ ተናገር።"

አባቴ ወገቡን ይዞ፣ እያቃሰተ፣ በትከሻዬ ተደግፎ በሬው ላይ ወጣ። "እንዴት ነው ይሄ ነገር የሚቀመጡበት? ሶፋ ነው እንዴ?" ሲል ሰማሁት። ሳቃቸው ከሞተሩ ድምፅ በላይ ነበር። ተነሡ፣ ሜዳውን ይዘው መንገዱ ጋ ደረሱ። ወደ ከተማው የሚወስደው በቀኝ ነው። በሬው ወደ ግራ፣ ወደ ኮረብታዎቹ ታጠፈ።

አስተማሪዋ የመኪናዋን ቁልፍ እንደያዘች ደነገጠች። "ወዴት ነው የሚሄዱት? ትምህርት ቤቱ እኮ በዚህ ነው!"

"ይመጣሉ" አለች እናቴ ጃንጥላዋን እያጠፈች። "ቤንዚኑ ሲያልቅ።"

አባቴ ግን ሰልባቲዮውን እስከ አፉ ነበር የሞላው።